ከማስታወቂያው ሥር ያለው ሙዚቃ

በዚህ አገር ዘፋኝ የሌለው ሙዚቃ ሁሉ «ክላሲካል» ነው። ቃሉን ስሰማ ቆሽቴ ያራል። ድምፃዊ ከሌለው ሙዚቃው የማንም አይደለም ማለት ነው፤ ለዜና መግቢያ፣ ለሞት ማስታወቂያ፣ ለስፖንሰር ምስጋና እንደ ምንጣፍ ያነጥፉታል። ከላዩ ላይ ሲያወሩበት ይውላሉ።

በመስከረም ከመናኸሪያ ወደ ፒያሳ በባጃጅ ስሄድ ሾፌሩ ሬዲዮ ከፍቷል። አንዲት ሴት «የማይሰነጠቅ፣ የማያፈስ» እያለች የውሃ ታንከር ታስተዋውቃለች። ከድምፅዋ ሥር ቤዝ ጊታር ይሰማል። ከኔ በፊት ጣቶቼ አወቁት፤ ጉልበቴ ላይ መጫወት ጀመሩ። ለካ እኔ ነኝ! «አቁም!» ብዬ ጮህኩ። ሾፌሩ ደንግጦ ጥግ ያዘ።

«ባጃጁን አይደለም፣ ሴትዮዋን ነው!»

«ደህና ነዎት፣ አባባ?» አለኝ። ደህና አልነበርኩም።

በወጣትነታችን ሐይቁ ዳር ባለ ሆቴል የምንጫወት ባንድ ነበርን። በዚህ ከተማ ጃዝን ከሲዳማ ዜማ ጋር ማዋሐድ የጀመርነው እኛ ነን፤ ትዕቢት ካላችሁ በሉት። ሳክስፎን ተጫዋቻችን እናቱ ለፍቼ፣ ለሲዳማ ዘመን መለወጫ በዓል፣ ስትዘፍነው የሰማውን ዜማ ይዞ ይመጣና ይነፋዋል፤ እኛ ከሥሩ እየተከተልን እንገባለን። እንግዳው ታዲያ «ዘፋኙ መቼ ነው የሚመጣው?» እያለ ይጠይቀን ነበር። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የሆቴሉን አዳራሽ ዘግተን በሪል ቴፕ ተቀዳን። ሌላ ቅጂ አልነበረንም። አንድ ሬዲዮ ጣቢያ «እናንተ ጋ ይበላሻል፣ እኛ እናስቀምጥላችሁ» ብሎ ወሰደው። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ እኛ የያዝነውን የለቀቅን ሞኞች ነን።

ሳክስፎን ተጫዋቹ ጓደኛዬ ኋላ ላይ ጌታን ተቀበለና መሣሪያውን ሸጠ። ምርጫው ነው፣ አልተቀየምኩትም። እሺ፣ ትንሽ ተቀይሜዋለሁ። ልጁ የተወለደችው ከዚያ ወዲህ ነው። ባለፈው ክረምት ስንቀብረው ስለ ደግነቱ ተነገረ፣ ስለ እምነቱ ተነገረ፤ ሳክስፎን የሚል ቃል ግን ከማንም አፍ አልወጣም። ከቀብር መልስ ልጁ እጄን ይዛ፣ «ጋሼ፣ አባዬ ሲነፋ ሰው ያስለቅስ ነበር ትለኛለች እማዬ። እኔ እኮ ሲያፏጭ እንኳን ሰምቼው አላውቅም። አንዴ ብቻ ብሰማው ምን ነበረበት!» አለችኝ። ጣቢያው «የለም» ካለን ወዲህ ቴፑ የት እንደደረሰ አላውቅም ብዬ መለስኳት።

ስለዚህ ያን ዕለት ከባጃጁ እንደወረድኩ ደወልኩላት። አዲስ ከተማ ሰፈር ከምትሠራበት መድኃኒት ቤት ነጩን ጋውን እንኳን ሳታወልቅ እየሮጠች መጣች። አብረን ቴፑን ወደ ወሰደው ጣቢያ ሄድን።

የሙዚቃ ክፍሉ ኃላፊ ጨዋ ሰው ነው፤ ወንበር ሰጠን፣ ውሃ አስመጣልን። ኮምፒውተሩን ሲከፍት ከስንቱ ጋር ተደባልቀን «ክላሲካል» ተብለን ተቀምጠናል። የባንዱ ስም የለም፣ የማንም ስም የለም። ተጫወተ። ድራሙ ገባ፣ ኦርጋኑ ገባ፣ የኔ ቤዝ ገባ። ልጅቷ አፏን በእጇ ይዛ ትጠብቃለች።

«አሁን ይገባል» አልኳት።

ጸጥ አለ።

«ቀጥለው እንጂ!» አልኩት ኃላፊውን።

«ይኸው ነው፣ ጋሼ። ሳክስፎኑ ከአስተዋዋቂዋ ድምፅ ጋር እየተጋጨ ሲያስቸግር ጊዜ፣ ወደ ኮምፒውተር ሲገለበጥ መግቢያውን ብቻ አስቀረነው። ዘፋኝም የለው።»

«ቴፑስ?»

«ማጫወቻው ስለተበላሸ ዕቃ ቤቱ ሲጸዳ ተወግዷል።»

ተወግዷል! የሰው ዕድሜ ነው እኮ! «እናንተ ሰዎች፣ ለታንከር ብላችሁ የሰው አፍ ዘጋችሁ!» አልኩት። ሌላም ብዙ አልኩት፣ እዚህ የማይጻፍ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንደሚባለው መሆኑን አላጣሁትም። ቢሆንም ጮህኩ፤ ይህን ስጽፍም እየጮህኩ ነው። ሰውየው አቀርቅሮ ሰማኝና «ያለውን በፍላሽ ልስጣችሁ» ብሎ ፍላሽ ሊያመጣ ወጣ።

እሷ ወንበሯን አስጠግታ መጨረሻውን በራሷ እጅ መልሳ አጫወተችው። ደገመችው። ከዚያ ጆሮዋን ስፒከሩ ላይ ለጠፈች።

«ጋሼ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

እኔም ጎንበስ አልኩ። ልክ ከመቆረጡ በፊት፣ ከድራሙ ኋላ፣ አንድ ሰው በአፉ አየር ይስባል። ሊነፋ ነው።

«አባትሽ ነው» አልኳት።

እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። ደጋግማ አጫወተችው። አየር ይስባል፣ ይቆረጣል። አየር ይስባል፣ ይቆረጣል። የቆረጠውን እጅ ሰባብሬ ብጥለው ደስ ባለኝ።

ኃላፊው ፍላሹን ይዞ ተመለሰና ወደ ኮምፒውተሩ ቀረበ። የካሰን መስሎት ነው መሰለኝ፣ በትህትና፣ «መጨረሻው ላይ ትንሽ ኮሽታ አለችበት፤ እሷን አጽድቼ ልስጣችሁ» አለ።

«እንዳትነካው!»

የጮኸችው እሷ ናት።