ጠመንጃዬን ያረሙልኝ ሽማግሌ

አቦቦ ከተማ አጠገብ ባለ የተኩስ ሜዳ ለፖሊሶች የዒላማ ውድድር ስንለማመድ፣ ከጓደኞቼ ሁሉ የተሻልኩ ተኳሽ እንደሆንኩ አልጠራጠርም ነበር። ያን ቀን ለጠመንጃዬ ባለ ሁለት እግር ማስደገፊያ ገጠምኩለትና የሜዳው ሲሚንቶ ወለል ላይ በልበ ሙሉነት በደረቴ ተኛሁ።

አምስት ጥይት ተኮስኩ። አምስቱም ከዒላማው በላይ አልፈው ሄዱ። ነፋሱን ወቀስኩ። ማጣሪያው ነገ ነው፤ እንዲህ ከተኮስኩ ከቡድኑ መውጣቴ ነው።

ከኋላዬ ጥላ ሥር የሜዳው ጠባቂ ወላጅ አባት፣ ባሮ ወንዝ ላይ ዓሣ ሲያጠምዱ የኖሩ ሽማግሌ፣ መረብ ይጠግኑ ነበር።

«ልጄ፣ ጠመንጃህ ይዘላል» አሉኝ።

«አባባ፣ ተኩስ ያውቃሉ?»

«እኔ የማውቀው ታንኳ ነው። ታንኳ በእንጨት ስትገፋ፣ እንጨቱን በደንብ ካልተደገፍከው ይወረውርሃል። አንተም ትከሻህን ስጠው፣ ወደ ፊት ግፋው።»

ለአክብሮት ያህል እሺ አልኩ። ጠመንጃውን በትከሻዬ ወደ ፊት ገፋሁት፤ እግሮቹ ሲሚንቶውን ጥብቅ አድርገው ያዙ። አምስት ጥይት ደገምኩ። አምስቱም መሀሉ ላይ ተጠጋግተው አረፉ። የዒላማውን ወረቀት ነቅዬ እየሮጥኩ ወደ ሽማግሌው መጣሁ።

«ይኸው አባባ፣ ይመልከቱ። ግን መዝለሉን ከዚህ ሆነው እንዴት አዩት?»

«አላየሁም፤ ሰማሁት። በተኮስክ ቁጥር የብረቱ እግር ተመልሶ ሲሚንቶውን ይመታ ነበር። አሁን ዝም አለ።»

እጃቸውን ከወረቀቱ አጠገብ ወዳለው ባዶ አየር ዘረጉ።

«ዓይኔ ከጠፋ ስምንት ዓመቱ ነው። ቀዳዳዎቹን በጣቴ አስነካኝ።»