ጋሽ ይርጋ ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ጎማ

ጋሽ ይርጋ ተሰማ ባለፈው ረቡዕ ማለዳ፣ ካርቱም ካላክላ በሚገኘው የብስክሌት መጠገኛ ሱቃቸው ጓሮ፣ በገመድ አልጋቸው ላይ እንደተኙ አርፈዋል። ለሞት ያበቃቸው ለወራት ሲያሠቃያቸው የቆየው ኩላሊታቸው ነው። መርዶውን የነገረችኝ ስታስታምማቸው የነበረችው ነርሷ ሰልዋ ናት። ስልኩን ሳነሣ «መስፍን፣ ኡስታው ኸላስ… አረፈ» አለችኝ፤ ኡስታ ሱዳኖች የእጅ ባለሙያን የሚጠሩበት ነው። በማግሥቱ በካርቱም የክርስቲያኖች መካነ መቃብር ቀበርናቸው።

በቀብሩ ላይ የሕይወት ታሪካቸውን እንዳነብ ወረቀቱ ለእኔ ተሰጠኝ፤ እዚህ አገር ካለነው መካከል አብሯቸው የተወዳደረ ሰው እኔ ብቻ ነኝና። አነበብኩ። ካነበብኩት ውስጥ አንዱ ዓረፍተ ነገር ውሸት ነበር፤ ውሸቱን ከብዙ ዓመት በፊት የፈጠርኩትም እኔ ነኝ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። እኔ በራሱ እንዲጠራ ስጠብቅ ሰውየው ሞቱብኝ። ስለዚህ በቀብሩ ለነበራችሁም ላልነበራችሁም፣ ለምታውቋቸው ሁሉ ይህን እጽፋለሁ። ደክሞኛል፤ ዙሪያ ጥምጥም አልሄድም።

የብስክሌት ውድድር ለማያውቅ ሰው የጋሽ ይርጋን ሙያ ማስረዳት ይከብዳል። በአንድ ቡድን ውስጥ ስድስት ሰው ይነዳል፤ አንዱ፣ አለቃው፣ እንዲያሸንፍ አምስቱ ይለፋሉ። እሳቸው ለዘጠኝ ዓመት ከአምስቱ አንዱ ነበሩ። ወደ ኋላ ቀርተው ከቡድኑ መኪና ውኃ ይቀበላሉ፣ ጠርሙሶቹን ማልያቸው ውስጥ ጠቅጥቀው ሽቅብ ያደርሱልናል። ነፋስ ሲነሣ ከፊት ሆነው ይመክታሉ። የአለቃው ጎማ ከፈነዳ ደግሞ ቆመው የራሳቸውን ይፈቱና ይሰጣሉ። አለቃው እኔ ነበርኩ። «ጎማ!» ብዬ ስጮህ ድምፄ ሳያልቅ ጋሽ ይርጋ ወርደው አገኛቸዋለሁ። በስምንት ዓመት ይበልጡኛል፤ ያኔ ግን አንተ ነበር የምንባባለው። አሁን እንደ ወጉ በአንቱታ እጽፋለሁ።

ወደ ደብረ ብርሃን በሚያስኬደው መንገድ በተደረገ አንድ ውድድር ላይ ነገሩ ተገላቢጦሽ ሆነ። ከውጭ አገር ክለብ የመጣ ሰው በደመወዝ የሚወዳደር አንድ ብስክሌተኛ ሊመርጥ ነበር። አሠልጣኛችን ማለዳ ሰብስበውን «ዛሬ ተራው የይርጋ ነው። ሠላሳ ሁለት ዓመቱ ነው፣ ሌላ ዕድል አያገኝም። መስፍን፣ የዛሬው ነፋስ ያንተ ነው» አሉ። እሺ አልኩ። ከልቤ ነው እሺ ያልኩት፤ ይህን እንድታምኑልኝ እፈልጋለሁ።

ለመጨረስ አሥራ አምስት ኪሎ ሜትር ያህል ሲቀር ሁለታችን ብቻ ተነጥለን ወጣን። ከኋላ ማንም አይታይም፤ መኪናችንም ከሌሎቹ ጋር ቀርታለች። እኔ ከፊት ነፋሱን ይዤ፣ እሳቸው ከኋላዬ ሳለን የፊት ጎማዬ ፈነዳ። ማድረግ የነበረብኝ ዳር መያዝና «ሂድ» ማለት ብቻ ነበር። አፌ ግን ለዓመታት የለመደውን አወጣ። «ጎማ!» አልኩ። እሳቸውም ለዓመታት የለመዱትን አደረጉ፤ ወረዱ፣ የፊት ጎማቸውን ፈቱ፣ ሰጡኝ። ምን እንዳደረጉ የገባቸው እጃቸው ባዶ ከሆነ በኋላ ነው። ፊታቸው ላይ አየሁት። አስፋልቱ ላይ ቆመን ተያየን። ጎማውን መመለስ እችል ነበር፤ ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም። የፈነዳውን የእኔን አስፋልቱ ላይ ትቼላቸው የእሳቸውን ገጠምኩና ሄድኩ። አሸነፍኩም።

አንድ ጋዜጠኛ «ይርጋ ምን ሆኖ ቀረ?» ብሎ ጠየቀኝ። «ጎማው ፈነዳበት» አልኩ። በቃ፣ ይኸው ነው ውሸቱ።

ጋሽ ይርጋ አላስተባበሉም። በሳምንቱ ብቻቸውን መጥተው «ጎማህን ላምጣልህ?» አሉኝ። የአለቃው ጎማ ከሩቅ እንዲለይ ሽቦዎቹ ቀይ ተቀብተው ነበርና፣ በዕለቱ በድሉ ግርግር ማንም ልብ ባይለውም፣ የቡድናችን ሰው ረጋ ብሎ ካየው የማን እንደሆነ ወዲያው ያውቃል። «እዚያው አንተ ጋ ይቀመጥ» አልኳቸው። ተመልሰው ሄዱ።

እኔ ተመርጬ ውጭ አገር ሁለት ዓመት ነዳሁ። አንድ ጊዜም አላሸነፍኩም። እዚያ የሰው ውኃ አመላላሽ ሆንኩ፣ ያውም ደካማ። ጠርሙስ ተሸክሞ ዳገት መውጣት ምን ያህል እንደሚከብድ ያወቅሁት ያኔ ነው። ተመልሼ ስመጣ ጋሽ ይርጋ ውድድሩን ትተው በመተማ በኩል ወደ ሱዳን መውጣታቸውን ሰማሁ። ሐሳባቸው አልፎ መሄድ ነበር አሉ፤ ካርቱም ላይ ቀሩ።

ደቡቡ በተገነጠለ ማግሥት እኔንም ኑሮ ገፋኝና ካርቱም ገባሁ። አል-ጣኢፍ በሚባል ሠፈር የአንድ ነጋዴ ቤት ሹፌር ሆንኩ። ወደ ካላክላ ለመሄድ ግን ሦስት ወር ፈጀብኝ። ሱቁ በር ላይ ስደርስ ቀና ብለው አዩኝ። «መጣህ? እጅህን ታጠብና ይህን ሰንሰለት ያዝልኝ» አሉ። ሰንሰለቱን እንደያዝኩ ግድግዳውን አየሁ። የእኔ ጎማ፣ ሽቦዎቹ እንደቀሉ፣ ላስቲኩ እንደፈነዳ ሚስማር ላይ ተሰቅሏል። አንድ ሱዳናዊ ደንበኛ በጣቱ እያመለከተ «ያ ኡስታ፣ ደ በካም?» ብሎ ዋጋውን ጠየቀ። «የሰው ነው፤ ባለቤቱ ይመጣል» አሉት በዐረብኛ፣ ወደ እኔ ሳይዞሩ። ሰንሰለቱን አጥብቄ ያዝኩ።

ከዚያ ወዲያ ላያቸው እሄድ ነበር፤ ሥራቸውን ሁላችሁም አይታችሁታል። ሊቢያን እያሰቡ ካላክላ የሚከርሙ፣ በቀን ሥራ የሚያድሩ ልጆቻችን ሕንፃ ወደሚሠራበት በእግራቸው እንዳይሄዱ፣ ከቁርጥራጭ ገጣጥመው የሠሯቸውን ብስክሌቶች ያውሷቸው ነበር። «እግርህን ለሌላ ቀን አስቀምጠው» ይሉ ነበር። አንዳንዱ በብስክሌቱ እንደወጣ ይቀራል። ስበሳጭ «የሚሄድበት ካደረሰው ሥራውን ጨርሷል» ይሉኛል። ቤንዚን የጠፋ ጊዜ አቧራ የጠጣ ብስክሌት ሁሉ ከየጓዳው ወጥቶ እሳቸው በር ላይ ተሰለፈ፤ ያኔ ታመው ነበር፣ ግን ማንንም አልመለሱም።

ዐርብ ጠዋት መንገዱ ጭር ሲል ከሠፈሩ ብስክሌተኞች ጋር ከከተማው በስተደቡብ ወዳለው ጀበል አውሊያ እንነዳለን። ስንሄድ ነፋሱ ከኋላ ይገፋናል፤ ስንመለስ ፊት ለፊት ይጋረጣል። ያኔ ጋሽ ይርጋ ከፊት ይሆናሉ። «ነፋሱን ለእኔ ተዉት» ይላሉ። አርካዊት ሠፈር ያደገችው ሰልዋ፣ እናቷ የእኛ አገር ሰው፣ አባቷ ሱዳናዊ፣ እሳቸውን ተከትላ ብስክሌት የለመደች ናት። አንድ ቀን ከብስክሌቷ ወርዳ «ያ ኡስታ፣ ወላሂ ተዕባና ነኝ። በቃ፣ ኸላስ» አለች። እሳቸውም ቆመው «የደከመሽ አንድ ነገር ነው፣ ያለቀልሽ ሌላ ነገር ነው። የደከመሽን አምናለሁ» አሏት። ሳቀችና መልሳ ብስክሌቷ ላይ ወጣች። እኔ ግን ያቺን ቃል እስከ ዛሬ አልረሳኋትም።

ከጉዞው በኋላ ሱቁ ፊት ያለው የኒም ዛፍ ሥር ሻይ እንጠጣለን። አዲስ የመጣ ሰው ጎማውን አይቶ መጠየቁ አይቀርም። ሌሎቹ ተሻምተው ያወሩለታል፤ ጋሽ ይርጋ ትልቁን ውድድር ሊያሸንፉ ሲሉ ጎማቸው እንደፈነዳ፣ መስፍን ብቻውን እንደገባ። እኔ ብርጭቆዬ ውስጥ አያለሁ። እሳቸው «ጎማ ነው፤ ይፈነዳል» ይሉና ወሬ ይለውጣሉ። በሚቀጥለው ዐርብ እናገራለሁ እላለሁ። እንዲህ እያልኩ ሰባት ዓመት አለፈ።

ከመሞታቸው በፊት በነበረው ዐርብ ቆርጬ ሄድኩ። ተኝተው ነበር። ውኃ ጠየቁኝ፤ ቀና አድርጌ አጠጣኋቸው። ውኃ ማቀበል ዘግይቼ የተማርኩት ሥራ ነው። «ይርጋ፣ ያ ጎማ…» ብዬ ጀመርኩ። እጄን ያዙኝና «ተሰቅሏል፣ የትም አይሄድም። ዛሬ ሁለታችንም ደክሞናል። ዐርብ እናወራለን፣ ኢንሻላህ» አሉ። ዐርቡን አላዩትም።

የሕይወት ታሪኩን የጻፉት የሠፈሩ ሐበሾች ናቸው፤ ዛፉ ሥር የሰሙትን ጻፉ። «በመጨረሻው ውድድራቸው ጎማቸው ፈንድቶ ድሉ ባይቀናቸውም» የሚለው ላይ ስደርስ ድምፄ ተቆረጠ። ሐዘን መሰላችሁ። አንዲት እናት «አይዞህ ልጄ» አሉኝ። እኔም አይዞህ ተብዬ ውሸቱን እስከ መጨረሻው አነበብኩት። ከሠራሁት ሁሉ የሚከብደኝ ይህ ነው።

ከቀብር መልስ ከሰልዋ ጋር ሱቁን ከፈትን። ጎማውን አየችና «ባለቤቱ ይመጣል ይል ነበር። ሚኑ ነው ባለቤቱ፣ ማነው?» ብላ ጠየቀችኝ። ቁጭ ብዬ ሁሉንም ነገርኳት። «ለእኔ ብቻ አይበቃም። ውሸቱን የሰማ ሰው ሁሉ ይስማ» አለች። ይኸው ሰማችሁ።

ይርጋ፣ ከዚህ በኋላ አንቱታው ይቅር። ያንተ ጎማ አልፈነዳም። የፈነዳው የእኔ ነው፤ የገባሁት ባንተ ጎማ ነው፤ ድሉም ያንተ ነበር። ይህን በቁምህ፣ ሻይህን ይዘህ፣ ዛፉ ሥር ልትሰማው ይገባህ ነበር። ይቅር በለኝ ማለት አሁን ቀላል ነው፣ የሚመልስልኝ የለምና። ዐርብ ከሰልዋ ጋር ወደ ጀበል አውሊያ እንወጣለን። ስንመለስ ነፋሱን እኔ እይዛለሁ፤ ያን ቀን መያዝ የነበረብኝን። ቶሎ እንደሚደክመኝ ታውቃለህ፤ ግን አልወርድም። አንተ ነፋስ በሌለበት ዕረፍ። ጎማውን ከሚስማሩ አውርጄዋለሁ። ባለቤቱ መጥቷል።