እሾህ የማይሰማት እጅ

የጀመረው ከቀኝ እጄ ትንሿ ጣት ነው። አንድ ጠዋት የጽጌረዳ እሾህ ስመለምል ደም አየሁ። እሾሁ ገብቶ ውስጥ ተሰብሯል። ምንም አላመመኝም።

ዘመኑ የደርግ ነው፤ ሀዋሳን ያኔ አዋሳ እንላት ነበር። ሐይቁ ዳር ባለ አንድ ሆቴል አበባ እየቆረጥኩ ለጠረጴዛና ለስብሰባ አዳራሽ አሰናዳ ነበር። ሙያውን ያስተማሩኝ አትክልተኛው ጋሽ ቱንሲሳ ናቸው። የካድሬዎች ስብሰባ ሦስት ቀን ከዋለ አበባውም ሦስት ቀን መቆም አለበት፤ ጠውልጎ ቢገኝ "አሻጥር ነው" የሚል አይጠፋም። ስለዚህ ፀሐይ ሳይበረታ እንቆርጣለን። ፈክቶ ያለቀውን ትተን ገና አፉን የከፈተውን እንመርጣለን። ለረጅም ስብሰባ ከጽጌረዳ ይልቅ ቶሎ የማይጠወልገው ካርኔሽን የሚባል አበባ ይሻላል። ግንዱን ውኃ ውስጥ ሰያፍ አድርገን ደግመን እንቆርጣለን፤ ውኃ የሚነካውን ቅጠል እናራግፋለን፤ ውኃውንም በየቀኑ እንለውጣለን።

እኔ ሞኟ በጣቴ ኮራሁ! እኛ ዘንድ እጅ ሲደነድን ሙያ ገባ ይባላል። ጓደኞቼ "እሾህ የሚፈራት" እያሉ ጽጌረዳውን ሁሉ ወደ እኔ ገፉት። እኔም በባዶ እጄ ግንዱን ሙልጭ አድርጌ እያሳየሁ እታበይ ነበር። ክንዴ ላይ የወጣውን ነጣ ያለ ምልክት ጭርት ነው ብዬ ቅባት ቀባሁበት። ወራት አለፉ።

ጋሽ ቱንሲሳ ግን አልሳቁም። "እስቲ አምጪ" ብለው እጄን ገለበጡ። ጣቴ አመርቅዟል።

"ይሄ ሙያ አይደለም፣ ልጄ። ሐኪም ይየው።"

ተቆጣሁ። ግን ሄድኩ።

ሐኪሙ ዓይኔን አስጨፍኖ በጥጥ ነካካኝ። "የት ነካሁሽ?" አለ። እኔ እስኪጀምር እየጠበቅኩ ነበር። እሱ ጨርሷል።

"ሥጋ ደዌ ነው።"

እጄን አየሁ። የእኔ አልመስል አለችኝ።

"ይድናል" አለ። "መድኃኒቱን ከጀመርሽ ለሰው አታስተላልፊም። የተጎዳው ነርቭ ግን ላይመለስ ይችላል። እጅሽ ካልነገረችሽ ዓይንሽ ይንገርሽ። በየቀኑ እያት።"

ዳፕሶንና ሪፋምፒሲን የሚባሉትን ኪኒኖች ጀመርኩ። ለነርቩ እብጠት ፕሬድኒሶሎን ተጨመረ። ሽንቴ ቀልቶ ስደነግጥ ነርሷ የሪፋምፒሲኑ ቀለም ነው አለችኝ። መልኬ ይበላሻል ብዬ አልተጨነቅኩም። ከአበባ ሌላ ሥራ አላውቅም። እጄ ከሄደች እኔም ሄድኩ።

ከወራት በኋላ ቁስሉ ደርቆ፣ ሐኪሙ ሥራ ትጀምር የሚል ወረቀት ጽፎልኝ ወደ ሆቴሉ ስመለስ፣ ድሮ "እጅሽ ይባረክ" ይሉኝ የነበሩት አስተናጋጆች በሽታዬን ሰምተው ያሰናዳሁትን የአበባ ማስቀመጫ መሬት አስቀምጪው ብለውኝ፣ ዞር ስል በጨርቅ ይዘው ያነሱት ነበር። ጋሽ ቱንሲሳ ማንንም ሳይቆጡ፣ በየማለዳው የአበባ መቁረጫውን ቢላዋ ከመስጠታቸው በፊት፣ ሁሉም እያየ እጄን በእጃቸው ይዘው ጣቶቼን አንድ በአንድ ይፈትሹ ጀመር፤ የአበባውን ውኃ ሳይለውጡ እንደማይውሉ ሁሉ ይህንንም አንድ ቀን አላስታጎሉም። ቀስ በቀስ ጨርቁ ቀረ።

አንድ ቀን ሐኪሙ ያዘዘልኝን ጓንት ሳላጠልቅ ጽጌረዳ ባነሳ፣ እንደ ትንሿ ጣቴ ደንዝዛ የቆየችውን የቀለበት ጣቴን እሾህ ወጋኝ።

"ወይኔ!"

ጋሽ ቱንሲሳ ሮጠው መጡ። እኔ እያለቀስኩ እስቃለሁ።

"አመመኝ እኮ፣ ጋሼ! አመመኝ!"

"ተመስገን" አሉና አጠገቤ መሬት ላይ ቁጭ አሉ።

ትንሿ ጣቴ እስከ ዛሬ አልነቃችም። ጋሽ ቱንሲሳ ካረፉ ቆዩ፤ ነፍሳቸውን ይማር፣ የእጄ ባለውለታ እሳቸው ናቸው። አሁን በየማለዳው እኔው እፈትሻታለሁ። እናንተም ገላችሁ ላይ ነጣ ያለ፣ ሲነኩት የማይሰማ ቦታ ካገኛችሁ ቅባት አትፈልጉ፤ ሐኪም ቤት ሂዱ፤ ኪኒኑንም አታቋርጡ። አጠገባችሁ እንደ እኔ የታመመ ካለ ደግሞ እጁን ያዙት። ሰው እያየ ያዙት።