እትዬ ካውያና ከባዱ ቃል

እትዬ ካውያን የማያውቅ ሰው ቁጡ ናት ይላል። የሚያውቃትም እንደዚያው ይላል። እኔ ግን አሥር ዓመት አጠገቧ ቆሜ አንሶላ የተኮስኩ ሰው ነኝና ልናገር፤ ቁጡ አይደለችም። ያመነችበትን ነገር ጎትተው የማያስለቅቋት ሴት ናት። ካውያ የሚለውን ቅጽል ያወጣንላት እኛው ነን፤ ስትግል አትነካም። ባሏ ሦስት ልጆች ጥሎባት ሲሞት ሦስቱንም በተኩስ ሥራ አሳድጋ፣ አስተምራ ድራለች። ዛሬ እሷና እኔ በአንዲት ጠባብ ኪራይ ቤት የሰው ሸሚዝ እንተኩሳለን። እዚህ እንዴት እንደደረስን የሚጠይቁን ደንበኞች አሉ። አንድ ቃል ነው ያደረሰን እላቸዋለሁ።

ቀድሞ የምንሠራው በአንድ ትልቅ ልብስ ማጠቢያ ድርጅት ነበር። የሆቴል አንሶላ በጋሪ እየተገፋ ይመጣል፤ ይታጠባል፣ ይተኮሳል፣ ታጥፎ ይሄዳል። የመተኮሻው ክፍል እንፋሎት ትንፋሽ ያሳጣል። ስለዚህ የራሳችን ደንብ ነበረን። አንድ ቁልል አንሶላ የጨረሰች ሴት ወደ ኋላው በር ሄዳ ፊቷን ታቀዘቅዛለች፤ እስክትመለስ ጎረቤቷ ካውያዋን ትጠብቅላታለች። "ተራሽ ነው፣ ውጪና ተንፍሺ" እንባባላለን። የዚያ በር ቁልፍ በእትዬ አንገት ላይ ይንጠለጠል ነበር።

አንድ ሰሞን አንሶላ ጠፋ ተባለ። ማን እንደወሰደው ሳይጣራ ጥርጣሬው እኛ ላይ አረፈ። ሥራ አስኪያጁ መጣና በሥራ ሰዓት የኋላው በር ተቆልፎ እንዲውል አዘዘ። ያዘዘው በእንግሊዝኛ ነው። ሰውዬው የእኛው ሰፈር ልጅ ነው፤ ቁጣ ሲመጣበት ግን ቋንቋችን ይጠፋዋል። በጣቱ መጀመሪያ በሩን፣ ቀጥሎ ቁልፉን አሳያት።

"አይቆለፍም" አለች እትዬ። "ባለፈው ሳምንት ይቺ ልጅ እዚህ ወድቃ፣ ተሸክመን ያወጣናት በዚህ በር ነው።"

ይቺ ልጅ የተባልኩት እኔ ነኝ። እርጉዝ ነበርኩ።

ሰውዬው ዓይኑ ደም ለበሰ። "ኮንቱሜሸስ!" ብሎ በሁላችንም ፊት ጮኸባት። ምን ማለት እንደሆነ ከመካከላችን የገባው ሰው አልነበረም፤ ደግ ነገር እንዳልሆነ ግን ከምራቁ አወቅን። በዚያው ቃል ከሶ ዲሲፕሊን ኮሚቴ ፊት እንድትቀርብ አደረገ።

ከሥራ ስንወጣ አብሬያት ቤቷ ሄድኩ። የትልቋ ልጇ ባል ጠበቃ ነው፤ እሱን አስጠራችው።

"ልጄ፣ ይሄ ሰውዬ ምን ብሎ ነው የሰደበኝ?"

"ስድብ እንኳ አይደለም እማዬ" አለ እየሳቀ። "ከባድ ቃል ነው፤ ፈረንጆቹ ራሳቸው ቤታቸው ሲጫወቱ አይናገሩትም። ብዙውን ጊዜ የሚሰማው ፍርድ ቤት ነው።"

"ግትር ማለት ነው?"

"ግትርማ ማን ያልሆነ አለ? አልበላም ያለ ሕፃን እንዲህ አይባልም። ይህ ቃል እንዲነገርብዎ አዛዥ መኖር አለበት፤ ትእዛዝ መኖር አለበት፤ ትእዛዙም ደርሶዎ የገባዎ መሆን አለበት። ከዚያ በኋላ ዓይንዎን በጨው ታጥበው እምቢ ማለት ነው። ፍርድ ቤት የጠራው ሰው መጥሪያው ሳይደርሰው ቢቀር እንዲህ አይሉትም። ደርሶት፣ አንብቦት፣ አልሄድም ብሎ እግሩን አጣጥፎ ከተቀመጠ ግን ይሉታል።"

"ለሴትም ይሆናል?"

"ለሴትም ለወንድም አንድ ነው።"

"እንደ ነጠላ ጫማ ነዋ!" አለች። ሳቅን።

ጠበቃው ግን ወንበሩን ወደ እሷ ሳበ። "መውጫውም እዚሁ ነው እማዬ። ትእዛዙ በእንግሊዝኛ ነበር፤ አልገባኝም ይበሉ። ያልገባው ሰው ላይ ቃሉ አይቆምም። ጡረታዎ ሊደርስ ትንሽ ነው የቀረው፤ እንዲሁ በከንቱ አያጥፉት።"

እኔ እልል ልል ምንም አልቀረኝ። እትዬ ግን አንገቷ ላይ ያለውን ቁልፍ በጣቷ ታገላብጥ ጀመር።

ኮሚቴው ሲሰበሰብ ለምስክርነት ተጠርቼ ከጎኗ ተቀምጫለሁ፤ ከሳሹ ሥራ አስኪያጅም ከጠረጴዛው ማዶ አለ። ሰብሳቢው ልበ ቀና ሰው ነበር፤ ነገሩን አለዝቦ ሊያሳልፈው ፈለገ።

"እትዬ፣ ትእዛዙ በእንግሊዝኛ ስለነበር አልገባዎትም፣ አይደል? አዎ ይበሉኝና ወደ ሥራዎ ይግቡ።"

አዎ በይ፣ በእናትሽ አዎ በይ እያልኩ በሆዴ እለምናታለሁ።

"ገብቶኛል" አለች። "ጣቱ በደንብ አስረድቶኛል። ገብቶኝ ነው አይቆለፍም ያልኩት። ዛሬ አልገባኝም ብዬ ብወጣ፣ ነገ በገዛ ቋንቋዬ ሲነግረኝ ምን ልል ነው? እነዚህን ሴቶች በገዛ እጄ ልቆልፍባቸው ነው? ያላችሁኝን ነኝ። ቃሉ በልኬ የተሰፋ ነው።"

ሰብሳቢው ግንባሩን አሸት አሸት አደረገና ከሥራ መሰናበቷን አነበበ። ድምፁ እንደ ጥፋተኛ ነበር። እትዬ ቁልፉን ከአንገቷ አውልቃ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። እኔ ግን አለቀስኩ፤ ያለቀስኩትም በንዴት ነው።

ሥራ አስኪያጁ ቁልፉን ወደ እኔ አንሸራተተው። በዚህ ጊዜ ቋንቋችን አልጠፋውም።

"ከዛሬ ጀምሮ በሩን የምትቆልፊው አንቺ ነሽ። ገባሽ?"

ባሌ ሥራ ፈትቶ ቤት ተቀምጧል። ልጁ ሊወለድ ቀኑ ደርሷል። መፍራቴን አልደብቅም። እትዬ ዞራ እንኳ አላየችኝም፤ እንድወስንላት ሳይሆን ለራሴ እንድወስን ትታኛለች።

"በደንብ ገብቶኛል" አልኩት፤ ቁልፉንም መልሼ ወደ እሱ ገፋሁት።