ውሃ ልክና ዘመም ያሉት አምስት ቀዳዳዎች

አማቴን፣ የባለቤቴን አባት፣ ፋብሪካው ውስጥ በስማቸው የሚጠራቸው የለም፤ ሁሉም «ውሃ ልክ» ነው የሚሏቸው። ግንበኛ ሆነው አይደለም። ጠማማ ነገር አይተው ማለፍ ስለማይሆንላቸው ነው። ሰው ቤት ሲገቡ ሰላምታው ሳያልቅ ግድግዳው ላይ ያለውን ፎቶ ያቃናሉ። በሠርጌ ዕለት ከረባቴን ሰባት ጊዜ አስተካክለውልኛል። ሰባተኛው እንዳበላሸው ፎቶው እስካሁን ይመሰክራል።

ሥራቸው ቀዳዳ መብሳት ነው። ሲሰሙት ቀላል ይመስላል። የምንሠራው ኖዝል ናፍጣውን እንደ ጉም አድርጎ ሞተሩ ውስጥ የሚረጭ፣ ከትንሽ ጣት የማይበልጥ ብረት ነው። ጫፉ ላይ አምስት ቀዳዳዎች አሉት፤ የአንዱ ስፋት ሦስት ፀጉር ጎን ለጎን ቢደረደር ነው። መሰርሰሪያው ከመቅጠኑ የተነሳ ሰው ቢያስነጥስ ይሰበራል እያልን እንቀልዳለን። ውሃ ልክ ግን በሠላሳ አንድ ዓመት የሰበሩት በጣት ይቆጠራል። እጃቸው ወርቅ ነው። ይህን የምለው አማቴ ስለሆኑ አይደለም፤ አማቴ ባይሆኑማ ከዚህም በላይ ባሞገስኳቸው ነበር።

እኔ ደግሞ ፈታሽ ነኝ። እሳቸው የበሱትን ኖዝል መሞከሪያው ላይ አስሬ፣ እጀታውን ተጭኜ ነጭ ወረቀት ላይ አስረጨዋለሁ። ናፍጣው ወረቀቱ ላይ አምስት ጨረር ያለው ኮከብ ይስላል። ጨረሮቹ እኩል ከሆኑ «አልፏል» ብዬ እፈርማለሁ። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ የአማቴ ኮከብ አንድ ቀን እንኳ ተዛንፎ አያውቅም።

ባለቤቴ፣ የእሳቸው አንድያ ልጅ፣ ንድፍ ክፍል ነው የምትሠራው። ስምንት ዓመት የሌሎችን ንድፍ ስትገለብጥ ኖራ ባለፈው ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ የራሷን ኖዝል እንድትነድፍ ተፈቀደላት። ኖዝሉ ለከተማው አሮጌ አውቶቡሶች ነው። የሠራቸው ኩባንያ መለዋወጫቸውን ማምረት ካቆመ ቆይቷል፤ ስለዚህ መጠኑ የገጠመውን ኖዝል እየገጠምንላቸው ዳገት በወጡ ቁጥር ጥቁር ጭስ ይተፋሉ። ሰባት ወር ለፋች። የክፍሉ ኃላፊ ቁርጡን ነገራት፤ ስድስት ኖዝል ተሠርቶ አንድ አውቶቡስ ላይ ይሞከር፣ ጭሱ ካልቀነሰ ግን ወደ መገልበጧ ትመለሳለች። እሷ ደግሞ ዕድሜዬን ሙሉ የሰው ንድፍ ስገለብጥ ልኖር ነው ብላ እንቅልፍ አጥታ ነበር።

አማቴ ስድስቱን በሱ፣ እኔ ፈትሼ ፈረምኩ፣ ተገጠሙ። አውቶቡሱ ዳገቱን ሲወጣ ጭሱ ያው ጥቁር ነው። ሹፌሩ ቅን ሰው ስለሆነ ሊያጽናናት ሞከረ። ኢንጂነር፣ አልባሰም እኮ፣ ልክ እንደ ድሮው ነው አላት። ኃላፊው ለአርብ ስብሰባ ጠራ።

የዚያን ዕለት ራት ላይ ባለቤቴ እንጀራውን ቆርሳ መልሳ አስቀመጠችው። አብረውን የሚኖሩት አማቴም የጠረጴዛው ልብስ ወደ አንድ ወገን ተንሻፎ እንኳ አልነኩትም። ድንገት ቀና አለችና፣ ብሳሳት ኖሮ ወይ ይባስ ወይ ይለወጥ ነበር፣ ምንም አለመለወጡ ነው ግራ የገባኝ አለች። ከዚያ የረጨሁባቸውን ወረቀቶች ጠየቀችኝ። ቦርሳዬ ውስጥ ነበሩ። እንዲያውም አምረው ስለታዩኝ ላሳያት ነበር ያመጣኋቸው።

ንድፏን ዘረጋች፣ አንዱን ወረቀት ጎኑ አስቀመጠች። የእሷ ኮከብ ዘመም ያለ ነው፤ ሁለቱ ጨረሮች ወደ ላይ ቀና፣ ሦስቱ ወደ ታች ደፋ ብለዋል። የእኔ ኮከብ እኩል ነው። ክው አልኩ። ንድፉን ሳልገልጥ በልማድ ነበር የፈረምኩት። መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ አልኩ።

አማቴ እጃቸውን ከትሪው ላይ አነሱ።

«እኔ ነኝ ያስተካከልኩት» አሉ። «ቁጥሮቹ ተዘበራርቀው ሳይ ደክሟት ተሳስታ ነው አልኩ። እንዳትዋረጂብኝ ብዬ ለማንም ሳልናገር አቃናሁልሽ።»

«አባዬ፣ ለምን አልጠየቅከኝም?»

«እንዳላሳቅቅሽ።»

እኔ ጩኸት ጠብቄ ትከሻዬን ሰብስቤ ነበር። እሷ ግን ተነሳችና አባቷን እጃቸውን ይዛ መታጠቢያ ቤት ወሰደቻቸው። ሻወራችን ከተተከለ ጀምሮ ዘመም ያለ ነው፤ ቧንቧው ግድግዳ ውስጥ የተቀበረ ስለሆነ ውሃ ልክ እንኳ ማቃናት አልቻሉም፣ ሁልጊዜም ያናድዳቸዋል። ከፈተችው። ግማሹ ውሃ መሃል ወረደ፣ ግማሹ ግድግዳውን አጠበ። በዚህ ሞተር ላይ ኖዝሉም እንዲህ ዘመም ብሎ ነው የሚገባው አለቻቸው። ቀዳዳዎቹ እኩል ከሆኑ ግማሹ ናፍጣ ግድግዳ ላይ ያርፋል፣ በደንብ ሳይነድ ይቀራል፣ ጭሱ እሱ ነው። ዘመም ብለው ከተበሱ ግን ከሞተሩ ውስጥ ሆኖ ለሚያያቸው ሁሉም እኩል ናቸው።

አማቴ እጃቸውን ዘርግተው ግድግዳው ላይ የሚወርደውን ውሃ ዳሰሱ፤ እጅጌያቸው ራሰ።

«ሠላሳ አንድ ዓመት ስበሳ፣» አሉ፣ «ከውስጥ ሆኜ አይቼው አላውቅም።»

በማግስቱ ከረባት አስረው ማንም ሳይቀድማቸው ኃላፊው ቢሮ ገቡ። ጥፋቱ የንድፉ ሳይሆን የእሳቸው መሆኑን ቆመው ተናገሩ። አንጀቴን በሉኝ። እኔም ተከትያቸው ገብቼ የራሴን ድርሻ ተናዘዝኩ። ኃላፊው አንዴ እሳቸውን አንዴ እኔን አየና የአርቡን ስብሰባ ሰረዘው፤ ሌላ ስድስት ኖዝል ይሠራ አለ።

ያን ቀን ሲበሱ አጠገባቸው ቆሜ ነበር። ላብ በግንባራቸው ይወርዳል። ከእያንዳንዱ ቀዳዳ በፊት ንድፉን ሦስት ጊዜ ያያሉ፣ እጃቸው ግን ወደ ለመደው ይስባቸዋል። ሁለት መሰርሰሪያ ሰበሩ። ሲጨርሱ ወረቀቱ ላይ ረጨሁት፤ ጠማማ ኮከብ ወጣ። እኔም በልማድ ልጥለው እጄን ሰንዝሬ ነበር። ከንድፉ ጋር አስተያየሁትና ፈረምኩ።

አውቶቡሱ ዳገቱን ወጥቶ ሲቆም አማቴ ቀድመውን ደረሱ። ነጭ መሐረባቸውን ጭስ ማውጫው ላይ ያዙ፣ ሹፌሩ ነዳጅ ሰጠ። በፊት ቢሆን መሐረቡ ከሰል ይመስል ነበር። አሁን መሃሉ ላይ ትንሽ ግራጫ ብቻ ነበረበት። ጫፉን ከጫፉ ገጥመው አራት አድርገው አጠፉትና ለልጃቸው ሰጧት፤ እሷም እዚያው መንገድ ዳር አቀፈቻቸው። ዓይኔ እንባ ሞላ፣ አልደብቅም።

አሁን ባለቤቴ ሦስተኛ ኖዝሏን እየነደፈች ነው። ጣጣው ሌላ ሆኗል። አማቴ ማንኛውም ንድፍ በደረሳቸው ቁጥር፣ የእሷ ይሁን የሌላ፣ ከመሰርሰሪያው አጠገብ ካለው ስልክ ንድፍ ክፍል ይደውላሉ። በቀን ሦስት ጊዜም አራት ጊዜም ሊሆን ይችላል። ሥራ አላሠራ አለኝ ብላ ለእኔ ታማርራለች። ስልኩ ሲጮህ ግን እርሳሷን አስቀምጣ ነው የምታነሳው።

«ይሄኛው ቀጥ ያለው፣ እውነት ቀጥ ይበል?» ይሏታል።

«ቀጥ ይበል፣ አባዬ» ትላለች።

ያኔ ይበሳሉ።