በጋሽ ንጉሤ ፈንታ የመለስኩት

ባለፈው ቅዳሜ ጉደር ላይ ሽኝት ነበረብን። ሀዊ የምትባለው ረዳቴ ጌዶ ላለ የሴቶች ቡድን ዋና አሠልጣኝ ሆና ልትሄድ ነው። ተጫዋቾቻችን ድፎ ዳቦ አስጋግረው፣ ለስላሳ ደርድረው ጠበቁን። ሀዊ ተነሥታ «የማውቀውን ሁሉ ያስተማሩኝ ኮች ገመቹ ናቸው» ስትል አንገቴን ደፋሁ። ያዩኝ ሰዎች ሆዱ ባብቶ ነው ብለው አዘኑልኝ። እኔ ግን አፍሬ ነበር። እኔም በወጣትነቴ ረዳት ሆኜ ለዋናነት ታጭቼ አውቃለሁ፤ ያን ቀን ስለ አለቃዬ የተናገርኩትን ሀዊ ብታውቅ ኖሮ ያን ሁሉ ምስጋና በእኔ ላይ ባላባከነችው።

ነገሩ አሥር ዓመት ሊሞላው ነው። ሃያ ስድስት ዓመቴ ነበር፤ አምቦ ውስጥ የአንድ ኮሌጅ የእግር ኳስ ቡድን ረዳት አሠልጣኝ ነበርኩ። ዋናው ጋሽ ንጉሤ ነበሩ፤ ከደብረ ብርሃን አካባቢ መጥተው አምቦ ላይ አሥራ ሦስት ዓመት የኖሩ፣ ቀጭን፣ ረጋ ያሉ ሰው። ከአፋቸው የሚወጣው አማርኛ ብቻ ነው። ተጫዋቾቻችን ደግሞ አብዛኞቹ ከጀልዱና ከሚዳቀኝ ገጠር የመጡ ናቸው፤ አማርኛ አያጡም፣ ልባቸው የሚሞቀው ግን በኦሮምኛ ነው። ስለዚህ በእረፍት ሰዓት ጋሽ ንጉሤ ይናገራሉ፣ እኔ እተረጉማለሁ።

ጋሽ ንጉሤ ንግግራቸው አጭር ነበር። «ኳሷን አትፍሯት፤ ደግሞ እርስ በርስ ተያዩ» ይሉና ዝም ይላሉ። እኔ ያችን ተቀብዬ ጨው በርበሬውን ጨምሬ የአምስት ደቂቃ ንግግር አደርጋታለሁ። ልጆቹ ይስቃሉ፣ ይቆጫሉ፣ እየጮኹ ወደ ሜዳ ይመለሳሉ። እሳቸው እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው፣ መሬት መሬቱን እያዩ እስክጨርስ ይጠብቁኛል። ሰልችቷቸው ይመስለኝ ነበር። ስናሸንፍ ያሸነፈው የእኔ ንግግር ነው፤ ስንሸነፍ ደግሞ ጥፋቱ የእሳቸው አሰላለፍ ነው። ጎበዝ ነበርኩ እኮ፣ እንዲህ ያለውን ነገር ለማከፋፈል!

የጊንጪ ከተማ ቡድን ዋና አሠልጣኝ እንደሚፈልግ የነገሩኝም እሳቸው ናቸው። ማመልከቻዬን አንብበው ሁለት ቦታ አረሙልኝ። የቡድኑ ኮሚቴ ሲጠራኝም «ብቻህን አትሄድም፤ የሚያውቅህ ሰው አብሮህ ሲቀርብ ይሻላል» ብለው የክት ኮታቸውን ለብሰው ጠዋት መናኸሪያ ጠበቁኝ።

ረቡዕ ነበር፣ የመስከረም መጨረሻ። ከአምቦ ወደ ጊንጪ መንገዱ ግራና ቀኙ ኑግ አብቦ ቢጫ ሆኗል። ጊንጪ ስንወርድ ግን ዝናቡ ገና እንዳልወጣ ምድሩ ነገረን፤ የዚያ አገር ጥቁር አፈር አንዴ ጫማ ከያዘ አይለቅም። ኮሚቴው ቤት በር ላይ ጋሽ ንጉሤ እንጨት ፈልገው ሰጡኝና ጭቃውን ፍቄ እስክጨርስ ቦርሳዬን ይዘው ቆሙ። የእሳቸው ጫማ እንደተጨማለቀ ነው የገባነው።

ውስጥ አራት ሰዎች ተቀምጠዋል። ሰብሳቢው ኦቦ ፈይሳ፣ ሸምገል ያሉ፣ ጨዋ ሰው ናቸው። «አካም ጅርቱ» ተባብለን ከተቀመጥን በኋላ ወደ እኔ ዘንበል አሉና በኦሮምኛ «እንግዳችን ቋንቋውን ይሰማሉ? የማይሰሙ ከሆነ በአማርኛ እናድርገው» ብለው ጠየቁኝ።

ዞር ብዬ መጠየቅ ነበረብኝ። ጋሽ ንጉሤ ከጎኔ፣ ክንዴ የሚነካቸው ቦታ ላይ ነበሩ። እኔ ግን በኦሮምኛ «አይሰማም፤ ግድ የለም፣ በኋላ እነግረዋለሁ» አልኩ። በአማርኛ አንቱ ስላቸው የኖርኩትን ሰው፣ በኦሮምኛም አንቱታ ሞልቶ ሳለ፣ «እሱ» አልኳቸው። ቋንቋው አጥር ሆኖ የሚከልለኝ መስሎኝ ነው።

ከዚያማ ምኑን ልንገራችሁ። ኦቦ ፈይሳ «ኮሌጁ አምና ጥሩ ተጫውቷል፤ ምስጢሩ ምንድን ነው?» አሉኝ። «ምስጢሩ እኔ ነኝ» አልኩ። «ሰውየው ደግ ነው፣ ግን አርጅቷል፤ ጊዜው ያለፈበት ጨዋታ ነው የሚያውቀው። ፊሽካውን ይነፋል እንጂ ልጆቹ የሚሰሙት እኔን ነው። የምናገረውም የእሱን ሳይሆን የራሴን ነው፤ እሱ ምን እንዳልኩ እንኳ አያውቅም።» ከኮሚቴው አንዱ ፈገግ ሲል ልቤ አበጠና ጨመርኩበት፤ «ይኸው አሁንም ስለ እሱ እያወራን ዝም ብሎ ተቀምጧል።» ሁለቱ ሳቁ። ኦቦ ፈይሳ አልሳቁም። ጋሽ ንጉሤ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው መሬቱን እያዩ ነበር፤ እንደ እረፍት ሰዓቱ።

በመጨረሻ ኦቦ ፈይሳ በአማርኛ «እርስዎስ ስለዚህ ልጅ ምን ይላሉ?» አሏቸው። ጋሽ ንጉሤ ተነሡ። «እኔ አርጅቻለሁ» ብለው ጀመሩ። «ልጆቹ የሚሰሙት እሱን ነው። የእኔን ንግግር ብቻ ቢሰሙ ኖሮ ግማሹን ጨዋታ አናሸንፍም ነበር። ስጡት፣ አያሳፍራችሁም።» ብለው ተቀመጡ። እኔ ጅሉ ደስ አለኝ። ሰውየው ራሱ አመነ እኮ አልኩ በልቤ።

ከዚያ ጋሽ ንጉሤ ምሳ ጋበዙኝ። እሳቸው ጾም ስለነበሩ ሽሮ አዘዙ፤ ለእኔ «አንተ ጥብስ ብላ፤ ዛሬ ያንተ ቀን ነው» አሉኝ። ጥርግ አድርጌ በላሁ።

ስንመለስ ሚኒባሱ ውስጥ ከጋሽ ንጉሤ ጎን አንዲት እናት ዶሮ አቅፈው ተቀምጠው ነበር። ትንሽ እንደሄድን ወደ እሳቸው ዞር ብለው በኦሮምኛ «ወንድሜ፣ ወፍጮ ቤቱ ጋ እንዲያወርደኝ ንገርልኝ፤ ባለፈው ረስቶ አሳልፎኛል» አሏቸው። ልተረጉም አፌን ስከፍት ጋሽ ንጉሤ ወያላውን ጠርተው ነበር።

«እኚህን እናት ወፍጮ ቤቱ ጋ አውርድልን። ባለፈው ረስተህ አሳልፈሃቸዋል አሉ፤ ዛሬ እንዳትደግመው።»

አፌ እንደተከፈተ ቀረ። ሴትዮዋ ወፍጮ ቤቱ ጋ ሲወርዱ ወደ ጋሽ ንጉሤ ጠጋ አልኩ።

«ጋሼ... ኦሮምኛ ይሰማሉ እንዴ?»

«አሥራ ሦስት ዓመት አምቦ ኖሬ ምን ልሁን ታዲያ?» አሉ፣ በመስኮት እያዩ። «መናገሩ ነው እንጂ አፌ እምቢ የሚለኝ። መጀመሪያ የመጣሁ ሰሞን ልጆቹ ፊት ሞክሬ ሳቁብኝ፤ ተውኩት። በኋላ አንተ መጣህ። የእኔን ነገር ባንተ አፍ ስሰማው ደስ ይለኝ ነበር።»

ይቅርታ ማለት ነበረብኝ። እሳቸው ቆይተው «ጊንጪ ጭቃ ነው፤ ለክረምቱ ቦቲ ግዛ» አሉኝና ዓይናቸውን ጨፈኑ። ይተኙ አይተኙ አላውቅም። እስከ አምቦ ድረስ ያንን የተጨማለቀ ጫማቸውን እያየሁ ሄድኩ።

በሦስተኛው ቀን ሥራው የአንተ ነው ተባልኩ። ልተወው አላሰብኩም፤ እዋሻችኋለሁ እንዴ? ዕቃዬን ከኮሌጁ ያወጣሁት ጋሽ ንጉሤ ሜዳ ላይ ልምምድ በሚያሠሩበት ሰዓት ነው፤ ሰዓቱን መርጬ። የመጀመሪያ ጨዋታዬን ያሸነፍኩ ዕለት ስልኬ ጮኸ። ስማቸውን አይቼ አላነሣሁም። ሌላ ቀን አልደወሉም።

ካፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል። ጡረታ ወጥተው አዲስ ዓለም እህታቸው ጋ እንደሚኖሩ ሰምቻለሁ። ወደ አዲስ አበባ በሄድኩ ቁጥር መኪናው እዚያ ይቆማል፤ ሰው ወርዶ እግሩን ያፍታታል፣ ቆሎ ይገዛል። እኔ አልወርድም። ኮፍያዬን ዝቅ አድርጌ ሾፌሩ ቶሎ እንዲነሣ እጸልያለሁ።

ቅዳሜ ከሽኝቱ ወጥቼ በእግሬ ወደ ቤት ስሄድ ራሴን ጠየቅኩ። እስካሁን ያሳፈረኝ እሳቸው መስማታቸው ይመስለኝ ነበር። ግን እኚያ እናት ሌላ መኪና ተሳፍረው ቢሆንስ? ጋሽ ንጉሤ እንደሆኑ መስማታቸውን አይነግሩኝም ነበር። ያን ባላውቅ ኖሮ የጊንጪውን ቀን ሀዊንም ጨምሮ ላሠለጠንኳቸው ሁሉ በኩራት ሳወራው እኖር ነበር፤ ሁለቱ ሰዎች የሳቁበትን ቦታ ሳልዘል። ጥፋት መሆኑም ትዝ አይለኝም ነበር።