በብብት የመጣው ናሙና

ጦርነቱ መኪና ባሳጣን ሰሞን አንድ የግራና መንደር ገበሬ፣ በማጅራት ገትር ከታመመች ልጃቸው ጀርባ የተቀዳ ፈሳሽ በብልቃጥ ይዘው ከመርሳ ወልድያ ወዳለው ላቦራቶሪያችን በእግራቸው መጡ። ለምርመራ በሕይወት የሚፈለገውን ባክቴሪያ ብርድ ይገድለዋልና፣ የመርሳው ነርስ እንዳዘዛቸው ብልቃጧን ብብታቸው ሥር ሸጉጠዋታል። "አልሐምዱሊላህ፣ አልበረደችም ልጄ" ብለው ብልቃጧን ሰጡኝ።

የምርምራችን መሪ፣ ያ በየስብሰባው ስለ ባክቴሪያ ሲደሰኩር የሚውል ዶክተር፣ አፍንጫውን ይዞ ብልቃጧን ከእጄ ነጠቀና በረዶ ውስጥ ዶላት። መብራት በጠፋበት ከተማ በረዶ ማግኘቱ አኩርቶታል። "ኧረ ባክቴሪያው ይሞታል!" ብል ማን ሰምቶኝ።

ልጅቷ ደግነቱ በመርሳው ነርስ መርፌ ዳነች። እኛ ግን አንድም ባክቴሪያ በሕይወት አላገኘንም። ዶክተሩ ሪፖርቱን አሳምሮ ጻፈው፦ "ናሙናው የተበላሸው ገበሬው በብብቱ ይዞት በመምጣቱ ነው።" ከስሙ ሥር እንድፈርም ሰጠኝ፤ እኔ ጀግናውም ፈረምኩ።